ምንም የማይሸት ቤንዚን

ገርጂ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለረሆቦት፣ ካምፓላ

እንደምን ሰንብተሻል? የእናትሽን ነፍስ በቀኙ ያኖረ አምላክ አንቺንም በሰው አገር ይጠብቅሽ። እኔና ደብሪቱ ደህና ነን። ደህና ያልሆነችው መኪናዋ ናት።

ባለፈው በስልክ ስንነጋገር «አጎቴ፣ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን ያነሳሉ፤ የመኪናዋን ነገር ከመጀመሪያው ጀምረው በጽሑፍ ያድርጉልኝ» ብለሽኛል። ልክ ነሽ። ካርጎ ስሠራ ዕቃ ሲጠፋ ሪፖርት የምንጽፈው እንደዚያ ነበር። ስለዚህ እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፣ ደብሪቱ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። የእኔ ስልክ እንደምታውቂው ከመደወል በቀር ሌላ አያውቅም። መልስሽንም በእሷ ስልክ ላኪው፤ ታነብልኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌዋ ዲኤክስ መኪናችን ጠዋት ስትነሳ ምንም አይላትም። ቁልፉን አንዴ ሳዞር ትነሳለች፣ ከሰፈር እስክንወጣም ደህና ትሄዳለች። ኢምፔሪያል አካባቢ መንገድ ተዘጋግቶ ቆመን ሞተሩ ሲግል ግን መንቀጥቀጥ ትጀምርና ጸጥ ትላለች። ኋላ ያሉት ጡሩምባ እየነፉ ገፍቼ ዳር አስይዛታለሁ። ኮፈኗን ከፍቼ ትንሽ ስታገሣት መልሳ ትነሳለች። ሌላው፣ ነዳጅ መብላት ጀምራለች። ድሮ ሳምንቱን የሚያደርሰኝ ቤንዚን አሁን ሐሙስ ላይ ያልቃል። የማደያውን ሰልፍ ደግሞ አትጠይቂኝ።

ከሰፈራችን በታች ጋራዥ ያለውን ኃይለኪሮስን ታስታውሺዋለሽ። የነዳጅ ፊልትሮውን ቀየረ፣ ካንዴላዎቹን ቀየረ፣ ቆማ ሳለ ሞተሩን የሚይዘውን ሚኒሞ አስተካከለ። ጥቂት ቀን ደህና ሆና እንደገና ወደ አመሏ ተመለሰች።

የሚያሳስበኝ ብቻዬን ስላልሆንኩ ነው። የጎረቤቶቻችን የሐሩንና የራህማ ሁለት ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤታቸው እዚሁ ከተማ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ስለሆነ ጠዋት ጠዋት የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። ሰው ልጁን አምኖ ሰጥቶኝ መሃል መንገድ ላይ ስገተር ደስ አይለኝም።

አለቃሽ ሚስተር ኦኬሎ የአሮጌ መኪና አዋቂ ነው ብለሽኝ ነበር። እባክሽ ይህንን አስረድተሽ ምን እንደሚል ጠይቂልኝ። አንቺን ማስቸገሬ ነው።

ደብሪቱ ሳምልኝ ብላለች።

አጎትሽ ወልደጻድቅ


ካምፓላ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እትዬ ደብሪቱስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ አላባራም፤ የጋራዡ በር ላይ ያለው ቀይ ጭቃ ጫማ ያስወልቃል፤ ሥራ ግን አለ።

ደብዳቤዎን ለሚስተር ኦኬሎ አስረድቻለሁ። እሱ የሚለው ይህንን ነው። ቀዝቅዛ ደህና ሆና ስትግል የምትቆም መኪና ችግሯ ወይ እሳቱ ነው ወይ ነዳጁ። ካንዴላ ተቀይሮላት ካልተሻላት ወደ ነዳጁ እንሂድ። ቤንዚን ከታንኩ ተነስቶ በቧንቧው፣ በፊልትሮውና በፓምፑ አልፎ ካርቡሬተር ጋ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ወይ ይታነቃል ወይ ይፈሳል። ተንቀጥቅጣ መጥፋቷ የመታነቅ ይመስላል፤ ብዙ መብላቷ ደግሞ የመፍሰስ። ያስቸገረው ሁለቱ አብረው መምጣታቸው ነው።

ስለዚህ እባክዎ የሚታየውን አይተው ይጻፉልኝ። ስትቆም የታንኩን ክዳን ይክፈቱ፤ አየር ስቦ እፍ ካለ የታነቀው ክዳኑ ነው። ማታ ከሥሯ ካርቶን አንጥፈው ጠዋት ጠብታ እንዳለው ይዩ። የሞተር ዘይቱን መለኪያ አውጥተው ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ይል እንደሆነ ያሽትቱት፤ ፓምፑ ውስጡ ከተቀደደ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ ይገባልና። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስትቆም ኮፈኗን ሲከፍቱ ሽታ አለ? ይህንን ሳይቸኩሉ ይንገሩኝ። ጋራዣችን ውስጥ ከዓይን ይልቅ የሚታመነው አፍንጫ ነው።

ክረምት ላይ ይዞዎት የነበረው ጉንፋን ጨርሶ ለቀቀዎት? እትዬ ያኔ አልጋ ላይ ሰነበተ ብለውኝ ነበር።

ለገና እመጣለሁ ያልኩት ላይሆን ይችላል። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

እጅ እነሣለሁ።

ረሆቦት


ገርጂ፣ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለረሆቦት፣

የሰማይና የምድር ጌታ ጤናና ሥራ አይንሳሽ። ከአገርሽ ውጪ ሆነሽ ለእኛ ስለምታስቢ ደብሪቱም እኔም እንመርቅሻለን።

የዘገየሁት የተባለውን ሁሉ ሳላይ ላለመጻፍ ብዬ ነው። አለቃሽ ያዘዘውን አድርጌያለሁ። ክዳኑን ስከፍት እፍ አላለም። ካርቶኑን ሁለት ሌሊት አንጥፌው ነበር፤ ድመቷ ተኛችበት እንጂ ጠብታ የለውም፣ ደረቅ ነው። ዘይቱም ደህና ነው፣ አልቀጠነም። ሽታ የሚባል ነገር የለም። ኮፈኗን ከፍቼ ጎንበስ ብዬ አይቻለሁ፣ ምንም።

እኔ የምጠረጥረው ማደያውን ነው። ሰዉ ሁሉ ቤንዚኑ ላይ ላምባ ይደባልቁበታል ይላል። ላምባ ያለበት ቤንዚን ሞተር ሲግል እንደሚያስቸግር ሚስተር ኦኬሎ ቢነግረኝ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ጠይቂልኝ።

መኪናዋ በሰፈሩ መነጋገሪያ ሆናለች። ሐሩን በቀደም «ጋሼ፣ እሷን አሳርፈው ኤሌክትሪክ ይግዙ፤ ነዳጅም ሰልፍም የለው» አለኝ። እሱ ገዝቷል፣ ድምፅ የላትም፣ እንደ ጥላ ነው የምታልፈው። ሆኖም እሱ በጠዋት መርካቶ ሱቁን ለመክፈት ስለሚወጣ ልጆቹ ከእኔ ጋር ናቸው።

ከልጆቹ ትንሿ ናዲያ አስቸግራኛለች። መኪና ውስጥ ራሷን እያዞራት ሁለት ጊዜ አስመለሳት። «ጋሼ፣ መኪናው ይሸታል» ትለኛለች። የወንበሩን ልብስ አውልቄ በኦሞ አጠብኩት፤ አሁንም ይሸታል ትላለች። ሕፃን ልጅ ቁርስ በልቶ ወዲያው መኪና ሲገባ ይህ ያለ ነው። እናቷ ሎሚ አስይዛታለች።

ጉንፋኑ ድሮ ለቆኛል። ጤናዬን ሳይሆን መኪናዋን ነው የጠየቅሁሽ።

ለገና አለመምጣትሽ ደብሪቱን አስከፍቷታል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

አጎትሽ ወልደጻድቅ


ካምፓላ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበሩ አጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎና ለእትዬ ይሁን። ደብዳቤዎ ደርሶኝ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

የላምባው ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ ለማየትም ቀላል ነው። ጥቂት ቤንዚን ነጭ ጨርቅ ላይ ያንጠባጥቡና ከእሳት ርቆ ደጅ ይድረቅ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል። ላምባ ካለበት ቅባት ያለው እድፍ ይተዋል፣ ሽታውም ቶሎ አይለቅም። ገና እርጥብ እያለ አንዴ፣ ሲደርቅ ደግሞ አንዴ አሽትተው ምን ምን እንደሚል ይጻፉልኝ።

እኔን ግን ሌላ ነገር አላስተኛኝም። ከፓምፑ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄድ አጭር የጎማ ቱቦ አለ። ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። ሲቀዘቅዝ ስንጥቁ ይገጥማል፤ ሲግል ጎማው ይላላና ይከፈታል። ያኔ የሚንጠባጠበው የጋለ ሞተር ላይ ስለሆነ መሬት ሳይደርስ ይተናል። ካርቶን ላይ ላይታይ ይችላል። እንዲህ ያለውን የሚናገረው ሽታው ብቻ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሽታ የለም ብለዋል። ቢሆንም ኃይለኪሮስ ሞተሩ ግሎ እየሠራ ሳለ ቱቦውን ይይልኝ። ቀደም ሲል ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ ሳለ ነው ያየው መሰለኝ። እርስዎ ግን እጅዎን እንዳያስገቡ።

ናዲያን ደግሞ ይጠይቁልኝ፤ የሚሸታት ምን ምን የሚል ነው?

ልጅ ሆኜ ከዚያችው መኪና ኮፈን ሥር ባገኙኝ ቁጥር «ውጪ፣ እጅሽን አታቆሽሺ፣ ደብተርሽን ያዢ» ይሉኝ ነበር። አሁን በደብዳቤ ገብቼ ያው እዚያው ነኝ።

ስለ ገናው ጉዳይ እባክዎ እትዬን ያጽናኑልኝ።

ረሆቦት


ገርጂ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለረሆቦት፣

ሰላምና ጤና ለአንቺ ይሁን። የደብሪቱ እህት ደብረ ብርሃን ላይ ልትታከም ስለሆነ ደብሪቱ ነገ ትሄዳለች፣ ትሰነብታለችም። ስልኳ አብሯት ስለሚሄድ ይህንን ከመሄዷ በፊት እንድትልከው በችኮላ ጻፍኩት።

ጨርቁን እንዳልሽው አድርጌያለሁ። ደርቋል፣ እድፍ አልተወም። ላምባ አይልም። ጭራሹኑ ምንም አይልም፤ እርጥብም እያለ ሲደርቅም ምንም ሽታ የለውም። እንግዲህ ማደያውን ያለ ጥፋቱ አምቼዋለሁ ማለት ነው።

ናዲያን ጠየቅኋት። «እንደ ማደያ ነው የሚሸተው» አለች። ልጅ ምን ይሳነዋል፤ በማደያው በኩል ስለምናልፍ ይሆናል።

ኃይለኪሮስ ሥራ በዝቶበት ለሳምንት ቀጥሮኛል። እስከዚያ እንደ ምንም እንገፋለን። ነገ ደብሪቱን መናኸሪያ አደርሳለሁ፣ ከዚያ ወዲያ እኔና ልጆቹ ነን።

ሚስተር ኦኬሎ ሌላ የሚለው ካለ ጠይቂልኝ።

አጎትሽ ወልደጻድቅ


ካምፓላ፣ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

አጎቴ፣ እትዬ፣

ሰላምታዬን ሌላ ቀን በደንብ አቀርባለሁ።

ምንም የማይሸት ቤንዚን የለም። እርጥብ ጨርቅ ላይ ያለ ቤንዚን ቤቱን ሁሉ ያውዳል። አጎቴ፣ ጨርቁን አፍንጫዎ ሥር ይዘው ምንም ካልሸተተዎት ችግሩ ከቤንዚኑ አይደለም። ሽታ የለም ብለው ሲጽፉልኝ የሰነበቱት ስለሌለ ሳይሆን ስለማይሸትዎት ነው። ከክረምቱ ጉንፋን ጀምሮ ይመስለኛል።

ናዲያ እውነቷን ነው። ቱቦው ተሰንጥቆ የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ይንጠባጠባል። አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። መኪናዋን እንዳያስነሷት፣ አንድ መቶ ሜትርም ቢሆን። ልጆቹን እንዳይጭኑ።

ስልክዎ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ስደውል አይነሳም። እትዬ፣ ይህ እርስዎ እጅ እንደሚገባ አውቃለሁ። አጎቴ ይህንን ከእርስዎ ሊሰውሩ ፈልገው እንደነበረም ይገባኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ አጎቴ፣ ሌላ መንገድ አላገኘሁም። እትዬ፣ ይህንን እንዳነበቡ ይደውሉላቸው። አልሰማም ካሉ ለልጆቹ እናት ይደውሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሚስተር ኦኬሎ መስከረም ላይ ጋራዡን ለቆ ወደ አገሩ ወደ ጉሉ ገብቷል። ጋራዡን የተወው ለእኔ ነው፤ ለገና የማልመጣውም ለዚህ ነው። እስከ ዛሬ የጻፍኩልዎት ሁሉ የእኔው ነው። ከእኔ ከሆነ አይሰሙኝም ብዬ በእሱ ስም ጻፍኩ። አሁን ግን ሰው ነገረኝ አልልዎትም። የምለው እኔ ነኝ፣ ደግሞም እርግጠኛ ነኝ።

ረሆቦት


ካምፓላ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበሩ አጎቴ፣

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ። እትዬ ልጆቹ በዚያ ጠዋት አለመሳፈራቸውን በስልክ ነግረውኛል። ሌላውን «እሱ ይጻፍልሽ» ብለው ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ከእርስዎ አንድም መስመር አልደረሰኝም። ስደውልም አያነሱም።

የተናገርኩት ትክክል ነበር እንዲሉኝ አይደለም የምጽፈው። ቱቦው ደህና ሆኖ ተገኝቶ ከሆነም ይጻፉልኝ፤ እፍረቱን እወስዳለሁ። ሚስጥርዎን ለእትዬ በማውጣቴ ከተቀየሙኝም ይጻፉልኝ። ዝምታዎን ግን ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ልጅዎ ረሆቦት


ገርጂ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለረሆቦት፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፣ ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬ ባንቺ ይሁን በራሴ ለመለየት ጊዜ ፈጀብኝ።

የሆነውን ልንገርሽ። ደብሪቱ ደብረ ብርሃን ደርሳ ደብዳቤሽን እንዳየች ደወለችልኝ። «እውነት ነው?» አለችኝ። «ልጅቷ እዚያ ሆና ምን ታውቃለች? ደህና ነኝ» ብዬ ዘጋሁት። በማግስቱ ጠዋት መኪናዋን አስነስቼ በር ላይ ልጆቹን ስጠብቅ ራህማ ብቻዋን ወጣች።

«ጋሽ ወልደጻድቅ፣ እባክዎ ሞተሩን ያጥፉት» አለችኝ።

«ምነው? ረፍዷል እኮ።»

«እትዬ ደብሪቱ ማታ ደውለውልኝ ነበር።»

«ምን ብላ?»

ዓይኔን ላለማየት ወደ ጎማው ተመለከተች። «መኪናው ቤንዚን ያፈሳል፣ እርስዎ ደግሞ አይሸትዎትም አሉኝ።»

እኔ መንገድ ላይ ጮኼ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ያን ዕለት ጮኽኩ። የማይሸተው ማን ነው አልኩ፤ ስንት ዓመት የነዳሁ ሰው መኪናዬን በስልክ ትመረምራላችሁ አልኩ። ሱቁ ገና ያልሄደው ሐሩን ድምፄን ሰምቶ ወጣ። «ና፣ አንተ ፍረድ» ብዬ ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑን ከፈትኩለት። ጎንበስ እንዳለ ሸሚዙን አፍንጫው ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ማደያ ነው።»

እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ፊቴን ከእሱ ይልቅ አስጠግቼ በረጅሙ ሳብኩ። ንጹሕ አየር ነው፤ ምንም። ሐሩን እጁን በመስኮት ሰዶ በቁልፉ ሞተሩን አጠፋው። ናዲያ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ሥር ቆማ ታየኝ ነበር።

ሐሩን ሄዶ ኃይለኪሮስን ከሥራው ላይ አስነስቶ አመጣው። አሸዋ በባልዲ አስቀምጦ፣ ከእኔ በቀር ሌላውን ሰው አርቆ፣ መኪናዋን እስክትግል አስነሳትና በባትሪ አብርቶ አሳየኝ። ቱቦው ላይ ምላጭ የሳበው የሚመስል ስንጥቅ አለ። አንድ ጠብታ ከዚያ ወርዶ የጋለው የጭስ መውጫ ብረት ላይ አረፈና ጠፋ። ተከትሎት ሌላ ጠብታ። ኃይለኪሮስ ቶሎ አጠፋት። «እኔ ባየሁት ጊዜ ቀዝቅዞ ነበር፣ ገጥሞ ነበር» አለ። «ቤንዚኑንም እኔ ለምጄዋለሁ፣ እጄ ሁሌም ይሸታል።» አንቺ የጻፍሽውን ነው ያየሁት፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ። ቱቦው ተቀየረ። መኪናዋ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልቆመችም፣ ነዳጇም ሳምንቱን ያደርሳል።

አፍንጫዬ ከክረምት ጀምሮ እንደሞተ አውቅ ነበር። በየቀኑ ነገ ይመለሳል እል ነበር። ለደብሪቱ ያልነገርኳት ሐኪም ቤት ይዛኝ እንዳትዞር፣ ከዚያም ሰው ሸመገለ፣ መንዳት ይብቃው እንዳይለኝ ነው። አንቺ ስትጠይቂኝ ሽታ የለም ማለቴ ውሸት አልመሰለኝም ነበር። ለእኔ አልነበረማ።

ደብሪቱ ከእህቷ ዘንድ ስትመለስ ቁጣ ነበር የጠበቅሁት። አልተቆጣችም። ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ከመቼ ጀምሮ?» አለችኝ።

«ከነሐሴ።»

«መስከረም ላይ ሽንኩርቱን ሆን ብዬ አሳረርኩት» አለች። «ቤቱ ጭስ ጭስ እያለ አቀረብኩልህ። እጅሽ ይባረክ ብለህ በላህ።»

«ለምን አሳረርሽው?»

«የምትለውን ልሰማ። ስለምሠራው ነገር መናገር ትተህ ነበር። ትቶኛል ብዬ ነበር የቆጠርኩት።»

እኔ እሷ እንዳታውቅ ስል ሁሉንም ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው እያልኩ እበላ ነበር። እሷ ደግሞ ያንን ጥሩ ነው እየሰማች ወራት ብቻዋን ስታዝን ነበር። ይህንን ለአንቺ መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ደብዳቤውን ፎቶ የምታነሳው እሷ ስለሆነች አብራን ታንብበው።

ራህማ ልጆቹን መልሳ አልሰጠችኝም። ሰርቪስ አስገብታቸዋለች። መኪናዋ ተሠርታለች ብዬ ሄጄ ነበር፤ «ስለ መኪናው አይደለም ጋሼ» አለችኝ። ልክ ናት። ሲያልፉ ናዲያ በመስኮት እጇን ታነሳልኛለች፤ ማስመለሱም ቀርቷል አሉ።

ስለ ሚስተር ኦኬሎ ያልሽውን አንብቤያለሁ። በስሙ መጻፍ አልነበረብሽም። እኔም እንደዚያ እንድትጽፊ ማድረግ አልነበረብኝም። ጋራዡ በእጅሽ ከገባ እግዚአብሔር ይባርክልሽ፤ እጅሽ ይቆሽሽ።

አጎትሽ ወልደጻድቅ


ካምፓላ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበሩ አጎቴ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ደብዳቤዎን ጋራዡ ውስጥ ተሽከርካሪ ሥር ተኝቼ ነው ያነበብኩት፤ ስወጣ ሠራተኞቹ ምን ሆነሽ አሉኝ። ዘይት ዓይኔ ገባ አልኳቸው።

ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያሉትንም የጎማ ቱቦዎች ኃይለኪሮስ ይቀይራቸው፤ አንዱ ካረጀ ሌሎቹም እኩዮቹ ናቸው። ለአፍንጫዎ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ይሂዱልኝ። እትዬን ይዘው ይሂዱ፤ ብቻዎን ሄደው የሚነግሩኝን አላምንም።

ለፋሲካ እመጣለሁ። አሁን ግን ትኬቱንም ቆርጫለሁ።

ልጅዎ ረሆቦት


ገርጂ፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለረሆቦት፣

በዓሉን እንዴት አሳለፍሽ? እኛ ሰላም ውለናል። ቱቦዎቹ ሁሉ ተቀይረዋል። ሐኪም ዘንድም ሄጃለሁ፣ ከነምስክሬ። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለ። በየቀኑ የሚሸት ነገር አቅርበህ አፍንጫህን አለማምደው ብሎኛል። ደብሪቱ ዓይኔን አስጨፍና ታቀርብልኛለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሎሚ።»

«ቅርንፉድ ነው።»

እስካሁን የደረስንበት ይኸው ነው። አንድ ቀን በርበሬ አቅርባልኝ አስነጠሰኝ፤ እሱን ግን ሐኪሙ አይቆጠርም አለ።

ከገና በኋላ እህቷን ለመጠየቅ ደብረ ብርሃን ሄድን። አውቶቡስ ይሻላል ብያት ነበር፤ «መኪናዋ ተሠርታ የለ?» ብላ ከፊት ገብታ ተቀመጠች። ድሮ ከኋላ ነበር የምትቀመጠው። መገናኛን እንዳለፍን መስኮቱን ዝቅ አድርጋ መናገር ጀመረች። «እዚህ ጋ በቆሎ ይጠበሳል» አለች። አያት ላይ ስንደርስ «አዲስ አስፋልት፣ ገና ትኩስ ነው» አለች። ለገጣፎን ስናልፍ ባሕር ዛፍ፣ ሰንዳፋ ላይ ወተት የጫነ መኪና፣ ከዚያ ወዲያ ገለባና የከብት በረት። አንድ ቦታ ላይ «የታጠበ ልብስ» ብላኝ ዞር ስል እውነትም አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። ይህንን መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ፤ ይህንን ያህል ነገር እንዳለበት አላውቅም ነበር።

ጫጫን አልፈን ዳገቱ ላይ ጭነት መኪኖች ፊታችን ተሰልፈው ቆምን። ሞተሩ መጋል ጀመረ። እኔ ድሮ የምትጠፋበት ሰዓት ስለሆነ መሪውን ጨብጬ ድምፁን አዳመጥኩ። «አሁንስ ምን ይሸታል?» አልኳት።

ወደ ፊት አጎንብሳ፣ ጊዜ ወስዳ አሸተተች።

«ቤንዚን አይሸትም» አለች። «ንዳ።»

በሰላም ያገናኘን።

አጎትሽ ወልደጻድቅ